የህፃናት ነርሲንግ ማስተርስ እዚሁ ባህር ዳር ወይስ የአሜሪካው ፕራክቲሽነር?

ባለፈው ጣና ዳር ቡና ይዘን ከአንዲት የስራ ባልደረባዬ ጋ ስንከራከር ነበር፣ እሷ አሜሪካ ሄጄ የህፃናት ነርስ ፕራክቲሽነር ነው ምሆነው ትላለች እኔ ደሞ እዚሁ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የህፃናት ነርሲንግ ማስተርስ ይሻለኛል ባይ ነኝ።

የአሜሪካው ስልጣን አለው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና የህፃናት ሀኪሙ ዶክተር ሄንሪ ሲልቨር ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲጀምሩት ጀምሮ ነርሷ ራሷ ህፃኑን እንድትመረምር ነው የታሰበው፣ መድሃኒትም ታዛለች፣ ግን እንደየስቴቱ ነው አንዳንዱ ጋ ያለ ሀኪም ስምምነት አይሆንም። ችግሩ መንገዱ ነው፤ መጀመሪያ ኤንክሌክስ (የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና) አልፈሽ ላይሰንስ፣ ከዛ ማስተርስ ወይ ዶክትሬት፣ ከዛ ደሞ ሌላ የቦርድ ፈተና፣ ያውም ፕራይመሪ ኬር (መደበኛ ክትትል) ወይስ አኪውት ኬር (በጠና የታመሙትን ማከም) ብለሽ መርጠሽ ነው ምትገቢው። ክፍያውን ተይው።

የኛው 2 አመት ነው። ስትጨርሺ የማዘዝ ስልጣንሽ እንደዛ አይሰፋም፣ ይሄ ያናድዳል። ግን ምትማሪው ነገ በምታክሚያቸው ልጆች ነው፣ ተቅማጥ አድርቆት የመጣ ህፃን ደም ስሩ ጠፍቶ ጭንቅላቱ ላይ ስትፈልጊ እናትየው በነጠላዋ ጫፍ አይኗን ሸፍና "ሲስተር አደራሽን ቀስ አርጊው" ስትልሽ... ይሄን በማሰልጠኛ አሻንጉሊት አትማሪውም።

እኔ እዚሁ ነኝ። እሷ ግን ትናንት ተረኛ ሆና የኤንክሌክስ ጥያቄ በስልኳ ስትሰራ አየኋት ሃሃ