ፓወር ሲሪስን ከሥሩ ላስተማሩን የሽምብጥ መምህርት ምስጋናና ጥቆማ

ባሕር ዳር ውስጥ ካልኩለስ የሚያስጠና ሰው ለምትፈልጉ ተማሪዎችና ወላጆች ይህን ጥቆማ የምጽፈው፣ ሽምብጥ በሚገኘው ቤታቸው ለእኔና ለጓደኞቼ ፓወር ሲሪስን (ፈንክሽንን ማለቂያ በሌለው የኤክስ ፓወሮች ድምር መጻፍን) ላስተማሩን መምህርት የሚገባቸውን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ ነው።

ብዙ አስጠኚዎች የማክሎሪንን ሰንጠረዥ (የታወቁ ፈንክሽኖችን ሲሪስ ዝርዝር) በቃል አስይዘው ወደ ፈተና ጥያቄ ይሻገራሉ። እርሳቸው የሚነሡት ከአንድ እኩልታ ነው፤ የኤክስ ፍጹማዊ ዋጋ ከ1 እስካነሰ ድረስ 1 ÷ (1 − ኤክስ) ከ1 + ኤክስ + ኤክስ² + ኤክስ³ + … ጋር እኩል ነው። የታንጀንት ኢንቨርስን ሲሪስ ፈንክሽኑን ደጋግሞ ዲፈረንሺየት በማድረግ ለማውጣት የሞከረ ሰው ድካሙን ያውቀዋል። እርሳቸው ግን ዴሪቬቲቩ 1 ÷ (1 + ኤክስ²) መሆኑን አስታውሰውን፣ በመነሻው እኩልታ በኤክስ ቦታ −ኤክስ²ን ካስተኩን በኋላ፣ የተገኘውን 1 − ኤክስ² + ኤክስ⁴ − … ተርም በተርም ኢንተግሬት ሲያስደርጉን ኤክስ − ኤክስ³/3 + ኤክስ⁵/5 − … በጥቂት መስመር ወጣልን። ታንጀንት ኢንቨርስ በዜሮ ላይ ዜሮ ስለሆነ ኢንተግሬት ሲደረግ የሚጨመረው ኮንስታንትም ዜሮ መሆኑን ሳያስጽፉን አላለፉም፤ ይህች መስመር በፈተና ላይ ማርክ የምታስቀንስ ናት።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቅላቸው በዳር ነጥቦች (ሲሪሱ የሚሠራበት ክልል በሚያበቃባቸው በ1 እና በ−1) ላይ ያላቸውን ጥንቃቄ ነው። ኢንተግሬት ከመደረጉ በፊት የነበረው ሲሪስ በ1 ላይ 1 − 1 + 1 − … ሆኖ ዳይቨርጅ ሲያደርግ (ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር ሳይጠጋ ሲቀር)፣ ከዚያ በኋላ የተገኘው ግን እዚያው ነጥብ ላይ ኮንቨርጅ አድርጎ (ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር ተጠግቶ) የፓይን አንድ አራተኛ ይሰጣል። ስለዚህ ራዲየሱ (ሲሪሱ ከዜሮ ተነሥቶ የሚሠራበት ርቀት) ባይለወጥም ዳር ነጥቦቹን እንደገና መፈተሽ ግዴታ ነው። ነገሩን በቃል ብቻ አልተዉትም፤ የመጀመሪያዎቹን 100 ተርሞች ደምረን በ4 ስናባዛ 3.1316 ገደማ አገኘን፤ ያን ያህል ተርም ተደምሮም ሁለተኛው ዴሲማል ገና አልተስተካከለም ነበር። አንድ ሲሪስ ኮንቨርጅ ያደርጋል ማለት ፈጥኖ ይደርሳል ማለት እንዳልሆነ በገዛ እጃችን አየነው።

ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ሆነ ከፖሊ፣ የምትመጡ ተማሪዎች እርሳቸው ዘንድ በአማርኛ ተብራርቶላችሁ በእንግሊዝኛ መጻፍን ትለማመዳላችሁ። በአንድ ጊዜ የሚያስተምሩት ጥቂት ሰው ስለሆነ ፈተና ሳይቃረብ ቀደም ብሎ መነጋገር ይሻላል፤ ኢንተግራልን ከልሳችሁ ብትሄዱም ጊዜ ትቆጥባላችሁ። ለመምህርታችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ አድራሻቸውን ለምትፈልጉ እርሳቸውን አስፈቅጄ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ።