ስስ ሲሊኮን፣ ደብተር ወይስ ወፍራም ጎማ? ስልካችሁን የቱ ያድነዋል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ስልኬ ከጃኬት ኪሴ ሾልኮ በማዕዘኑ ኮብልስቶኑ ላይ አረፈ። ፊቱ ደህና ነው፤ ስገለብጠው ግን ጀርባው የሸረሪት ድር መስሏል። ከቨር ነበረው እኮ! ችግሩ እንዲያምር ብዬ የገዛሁት፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ደረቅ ፕላስቲክ ነበር።

እናም ከቨር ከማማረጣችሁ በፊት የስልካችሁን ጀርባ በጥፍራችሁ መታ መታ አድርጉት። ቀዝቀዝ ብሎ ቀጭን ድምፅ ከሰጠ መስታወት ነው። አይፎን 4 እ.ኤ.አ. በ2010 በመስታወት ጀርባ መጣ፤ በኋላ ብረት ተተካና በ2017 አይፎን 8 ላይ መስታወቱ ተመለሰ። ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርገው ኃይል ብረትን አልፎ መግባት ስለማይችል ነው። ብዙዎቹ ርካሽ የሳምሰንግና የቴክኖ ስልኮች ግን ጀርባቸው ፕላስቲክ ነው፤ ሲወድቅ ይጫጫራል እንጂ አይረግፍም። ቢቸና ያለው አጎቴ ስልኩን አውድማ ላይ ስንቴ እንደጣለው እሱም አያውቀው። «ከቨር ግዛ» ስለው «የእኔ ከቨር ኪሴ ነው፣ አንተ ልጅ» ብሎኛል።

ስሱ ግልጽ ሲሊኮን ርካሽ ነው፤ ለፕላስቲክ ጀርባም ይበቃል። ለስላሳ ስለሆነ ምቱን ይውጣል። ግን ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም፤ ከቨሩ በጥቂት ወራት ቢጫ ይሆናል። እድፍ መስሏችሁ በሳሙና አትፈትጉት፣ አይለቅም። ሌላው ጣጣ አቧራ ነው። አሸዋ ከመስታወት ይጠነክራል፤ ከቨሩ ሥር ከገባ እዚያው ይፈጫል፣ የተጫረ መስታወት ደግሞ ለመሰንጠቅ ቅርብ ነው። በሳምንት አንዴ አውልቃችሁ ጥረጉት።

ደብተር መሳዩ ተከፋች ከቨር ትልልቅ ሰዎች የሚወዱት ነው። አክስቴ መታወቂያዋን፣ የእድር ደረሰኟንና የማርያምን ሥዕል አጭቃበት አሁን አይዘጋም፤ በጸጉር ላስቲክ ታስረዋለች። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ለሚውል ስልክ ጥሩ ነው። ሰው ግን ስልኩን ከፍቶ ሲያወራም ይጥለዋል፤ ያን ጊዜ ክዳኑ ምን ያደርጋል? ዝናብ ከመታውም ውኃ ይዞ ይውላል። እኔ አልገዛውም።

ወፍራሙ ጎማ መልኩ አያምርም፣ ኪስ ያሳብጣል፣ ቻርጅ ላይ ሙቀት ያፍናል። ለመስታወት ጀርባ ግን እሱን ነው የምመርጠው። ስልክ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ መሬት የሚነካው ማዕዘኑ ነው፤ የዚህ ከቨር ማዕዘኖች ደግሞ ወፈር ብለው ተሠርተዋል። ሱቅ ውስጥ ከቨሩን አልብሳችሁ ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛ ላይ ድፉት። ስክሪኑ ጠረጴዛውን ከነካ ጠርዙ አጭር ነው፣ መልሱት። ሻጩ ልጅ «ጋሼ፣ ከፎቅ ቢወድቅ አይነካውም» ሲለኝ «እስቲ የራስህን አልብሰህ ጣልልኝ» አልኩት። ሳቀና ዋጋ ቀነሰልኝ።

ስክሪን ላይ በሚለጠፈው መከላከያ መስታወት ላይ «9ኤች» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ በእርሳስ የሚለካ የጭረት ፈተና ነው፤ መሰበርን አይመለከትም። ቢሆንም አስለጥፉ፣ ከስክሪን እሱ ቢሰበር ይሻላል።

እኔ አሁን ጥቁሩን ጎማ ይዣለሁ። የተሰነጠቀው ጀርባም ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ከቨሩ ስለሸፈነው አላስቀየርኩትም።