ጅማ ላይ ያገኘሁት አገልግሎት፦ የአንበሴ እብጠትና ሐኪሟ

ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ 5 ሳምንት ጅማ ቆይቼ ወደ ሚኒያፖሊስ ተመለስኩ። ስለ ጉዞው ብዙ የምለው የለኝም፤ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ገባ፣ ሻንጣዬ ደህና መጣ፣ ያደርኩትም እናቴ ቤት ነው። መጻፍ የፈለግኩት ስለ ውሻ ሕክምና ነው። ቤተሰቦቻችሁ ጋ ውሻ ያላችሁ ሰዎች አንድ ቀን ይህ ጉዳይ በስልክ ይመጣባችኋልና።

ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ እናቴ "እስቲ ና፣ ይሄን ዳብሰው" አለችኝ። ውሻዋ አንበሴ ግቢ ውስጥ ከተሰጣው ቡና አጠገብ ተጋድሟል። ትከሻና ትከሻው መሃል፣ ከቆዳው ሥር፣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ ቡና) የሚያህል ጠጠር ያለ ነገር እጄ ላይ መጣ። ስጫነው አላመመውም፤ ጭራውን ቆላልኝ። ከ8 ቀን በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተወጋበት ቦታ ነው።

ሰፈር ውስጥ ያበደ ውሻ ታየ ተብሎ ሁሉም ውሻውን እየጎተተ አንድ ቦታ ወስዶ አስወግቷል። የቦታውን ስም አልጠራም። ግን እናቴና ጎረቤታችን ያዩትን እጽፋለሁ፦ ብልቃጡ ጠረጴዛ ላይ ፀሐይ እየመታው ነበር፤ በአንድ መርፌ ሦስት አራት ውሻ ተወጋ፤ ብር ተቆጠረ፤ "ጨርሰናል" ተባለ። ወረቀት የለ፣ ምክር የለ። ከመርፌው ይልቅ እኔን ያንገበገበኝ ዝምታው ነው። እናቴ "በገዛ እጄ ነቀርሳ አስወጋሁት" ብላ እንቅልፍ አጥታለች። አንዱ ጎረቤት "በጋለ ብረት ይተኮስ" ይላል፣ ሌላዋ ቅቤ በጨው ለውሳ ልትቀባው መጥታለች። ሦስት ቤት ደግሞ አንበሴን አይተው የራሳቸውን ውሻ ሳያስከትቡ ቀሩ። እናቴ ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ በውሻ ተነክሶ ሆዱ ላይ በየቀኑ ሲወጋ አይታለች፤ ክትባትን እንደ ዋዛ የማታየው ለዚህ ነው። እሷን ካስፈራት ሌላውን ምን ያድርገው?

በማግስቱ ሐኪም ፍለጋ ወጣን። ውሻ ይዘን በመቆማችን ሦስት ባጃጅ አየት አድርጎን አለፈ። አራተኛው ልጅ ቆመና "ሰሬውን ልታሳክሙት ነው? ይግቡ ማዘር" አለ። ወንበሩ ላይ ማዳበሪያ አነጠፈ። በ200 ብር ኮንትራት ወስዶን፣ ጠብቆ መለሰን። ሌላ ብር ልጨምርለት ብል እምቢ አለ። ጎረቤታችንም ያን ዕለት የተወጋ ቡችላዋን አቅፋ አብራን ገባች።

ጅማ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለባት ከተማ ናት፤ ያየችልን ሐኪምም እዚያው የተማረች ናት። እጇን ታጠበች። አንበሴን አናገረችው፣ አሸተታት። ከዚያ እብጠቱ ላይ አይበሉባዋን አሳርፋ ሙቀቱን ካልታመመው ጎን ጋር አነጻጸረች። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ እብጠቱ ከሥጋው ጋር መጣበቅ አለመጣበቁን አየች። ሙቀቱ 38.6፣ ለውሻ ጤናማ ነው። እብጠቱን በሜትር ለካችው፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር። መጠኑንና ቀኑን ጻፈች።

"እማማ፣ ነቀርሳ አይደለም" አለቻት። "ክትባቱ ውስጥ ሰውነትን የሚቀሰቅስ ነገር አለ። የአንበሴ ሰውነት እዚያ ቦታ ዘምቶ ነው የጠጠረው። አይሹት፣ አይተኩሱት፣ ምንም አይቀቡት። በ2 በ3 ሳምንት እየሟሸሸ ይጠፋል። ከጨመረ ግን ያምጡልኝ።" እናቴ ትከሻዋ ወረደ፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አየሁት።

የቡችላው ነገር ሌላ ነበር። የሱ እብጠት ይሞቃል፣ ሲነኩት ይለሰልሳል፣ ቡችላው ይጮኻል፤ ትኩሳቱም ከ40 አልፏል። መግል ቋጥሯል ማለት ነው፤ መርፌው ወይም ቆዳው ንጹሕ ሳይሆን ሲቀር ባክቴሪያ አብሮ ይገባል። ፀጉሩን ላጨችለት፣ አደነዘዘችው፣ በምላጭ ጫፍ ቀደድ አደረገችው። የወጣው መግል ጎረቤታችንን አስለቀሳት። ውስጡን አጥባ እንዲንጠፈጠፍ ክፍቱን ተወችው፣ የ7 ቀን አንቲባዮቲክ ሰጠች። እንዳይልሰው ደግሞ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ቆርጣ፣ ጠርዙን በፕላስተር አለስልሳ፣ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። ሁለቱን ውሾች ጎን ለጎን ማየቴ ጠቀመኝ። እኔ ብቻዬን ብሆን ሁለቱንም "እብጠት" ብዬ በአንድ ዓይን ነበር የማያቸው።

ስንወጣ የነገረችንን ስልኬ ላይ ጻፍኩት። መርፌ በተወጋ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የውሻው ፊት ካበጠ፣ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው አለርጂ ነውና እንዲህ ያለው ጊዜ አይሰጥም፤ በሩጫ ይመጣል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መርፌው የገባበት ቦታ ፀጉሩ የሚረግፍ ውሻም አለ፤ በተለይ ትንንሾቹ ዝርያዎች። እሱም መታየት አለበት። እብጠቱ 3 ወር ከቆየ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ወይም ከ1 ወር በኋላም እያደገ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል። ይህ ደንብ የወጣው ለድመት ነው፤ ድመት ላይ ከመርፌ በኋላ ክፉ እጢ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ። ውሻ ላይ እንዲህ ያለው ብርቅ ቢሆንም ለመጠንቀቅ ይረዳል።

አንድ ነገር ቀረ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ፀሐይ ላይ በዋለ ብልቃጥ የተወጋን ውሻ እንደተከተበ መቁጠር አይቻልም፣ አንበሴ ደግሞ ወረቀትም የለውም። ስለዚህ እብጠቱ ሲጠፋ እንድንመለስ ነገረችን። በ24ኛው ቀን ቦታውን በጣቴ ፈልጌ አጣሁት። ከመመለሴ 2 ቀን በፊት ወሰድነው። ብልቃጡን ከፍሪጅ አውጥታ ቀኑን አሳየችን፣ አዲስ መርፌ ዓይናችን እያየ ቀደደች። የወጋችው ደግሞ ቀኝ ታፋው ላይ ነው፤ እብጠት ቢወጣ የየትኛው መርፌ እንደሆነ ይታወቅ ዘንድ። የብልቃጡን ተለጣፊ ካርድ ላይ ለጠፈች። ግማሽ ሰዓት በረንዳው ላይ አስቀመጠችን፣ ሁለቴ ወጥታ ፊቱን አየችው።

ጉድለቱን ልናገር፦ ስልክ አያነሱም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነው፣ ውሻና በግ አንድ በረንዳ ላይ ስለሚጠብቁ ውሻችሁን በአጭር ገመድ ያዙ። የከፈልነው ብር ግን ለሠራችው ሥራ ትንሽ ነው።

ከተመለስኩ በ6ኛው ቀን እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩን የአንበሴ ታፋ ላይ ደቅናለች፣ በሌላ እጇ የልብስ ስፌት ሜትሯን ይዛለች።

"ትንሽ ጠጠር ብሏል" አለችኝ። "1 ሴንቲ ናት። አይሞቅም፣ አያመውም። ካርዱ ላይ ጽፌዋለሁ። ያቺ ቅቤ ያመጣችው ሴትዮም ዛሬ ውሻዋን ይዛ ሄዳለች።"