ክራውንና ብሪጅ በመሀል አዲስ አበባ፦ ወንበሩ ላይ ምን እንጠይቅ?

ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ የጥርስ ክሊኒኮች ጥርስ ለማስለበስ የሚሄድ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ነው፦ ዚርኮኒያ የተባለው ጠንካራ ሴራሚክ ይሻላል ፖርስሊን? ጥያቄው ተገቢ ነው። ክራውን፣ ማለትም የተሞረደ ጥርስ የሚለብሰው ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ ሲወልቅ ወይም ከሥሩ ሲበሰብስ ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ገና ጥርሱ ሲሞረድና ልክ (የቅርፁ ቅጂ) ሲወሰድ ነው። አገልግሎቱንም የምንመዝነው በዚያ ነው።

ከመሞረዱ በፊት ራጅ መነሳት አለበት። የሥሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ከታየ የነርቭ ሕክምናው ይቀድማል፤ ክራውን ከታሰረ በኋላ ያንኑ ለመሥራት አዲሱን ልባስ መብሳት ይመጣል። ሌላው ወሳኝ ነገር የቀረው ጥርስ መጠን ነው። ከድድ በላይ ዙሪያውን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ መትረፍ አለበት፣ ክራውኑ የሚያቅፈው እሱን ነውና። ይህ ሳይኖር ፖስት (ሥሩ ውስጥ የሚገባ ዘንግ) ተተክሎ ክራውን ከተጫነበት፣ ፖስቱ ከነክራውኑ ይወጣል ወይም ሥሩ ይሰነጠቃል። «ይህ ጥርስ አይችልም» የሚል ሐኪም ገንዘብዎን እያዳነልዎት ነው።

ለመንጋጋ ጥርስ፣ ብረት ላይ ለተጋገረ ፖርስሊን ከማኘኪያው ገጽ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሞረዳል፤ ለሙሉ ዚርኮኒያ ከ1 እስከ 1.5 ይበቃል። ጎኖቹ ቀጥ ሊሉ ትንሽ የቀራቸው መሆን አለባቸው። ጉቶው እንደ መሶብ ክዳን ከሾጠጠ ሲሚንቶው ምንም ቢጠነክር ክራውኑ ይወልቃል።

የክሊኒኮች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ልክ ሲወሰድ ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ በድዱና በጥርሱ መሀል ቀጭን ክር አስገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ የተሞረደበት ጠርዝ ጥርት ብሎ እንዲወጣ። ደም እየፈሰሰ የተወሰደ ልክ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ በደበዘዘ ጠርዝ የተሠራ ክራውን ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ውስጥ ምግብ ይገባል፣ ጥርሱም ከውስጥ ይበላል። በውሃ የሚበጠበጠው የልክ መውሰጃ ዱቄት፣ አልጂኔት፣ ውሃ አዘል ስለሆነ ሲቆይ ይሸበሸባል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ጄሶ ሊፈስበት ይገባል። ላብራቶሪው ሌላ ሰፈር ከሆነ ደግሞ ልኩ መንገድ ላይ ይበላሻል። ለተቃራኒው መንጋጋ አልጂኔት ይበቃል፣ ለክራውኑ ግን ለቀናት ቅርፁን የሚጠብቀውን አዲሽን ሲሊኮን የተባለ ላስቲክ መሰል ዕቃ ወይም ዲጂታል ስካን ይጠይቁ።

ቀለም የሚመረጠው ከመሞረዱ በፊት፣ ጥርሱ በምራቅ እንደረጠበ፣ በመስኮት ብርሃን ነው። የደረቀ ጥርስ ነጥቶ ይታያል። የተለመደው የቪታ መምረጫ 16 ቀለም አለው፤ የተመረጠውን ቁጥር ካርድዎ ላይ ያስጽፉ።

በዕቃው ላይ ያለን ፍርድ፦ ለመንጋጋ ሙሉ ዚርኮኒያ። ቆሎም በቆሎም የሚቆረጥመው ይህ ጥርስ ነው፤ ፖርስሊን የለበሰው ላይ ቅርፊት ይነሳል። ዚርኮኒያ ሲገጠም ከተሞረደ ግን እንደገና ካልተወለወለ ተቃራኒውን ጥርስ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ብረት ያለበት ፖርስሊን ዛሬም አስተማማኝ ነው፣ ነገር ግን ድድ ሲሸሽ ግራጫ መስመር ይታያል፤ ኒኬል የማይስማማው ሰውም አስቀድሞ ይናገር። በፍሎራይድ ምክንያት ለበለዘ የፊት ጥርስ ግን፣ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ለብዙዎች ያተረፈው ነውና፣ ጤነኛውን ጥርስ ዙሪያውን ሞርዶ ክራውን ማልበስ በጣም ያሳዝነናል። በቬኒር (ፊቱ ላይ ብቻ በሚለጠፍ ስስ ልባስ) ወይም በሬዚን ሙሌት የሚስተካከል ብዙ ነው።

ብሪጅ፣ የጎደለን ጥርስ በጎረቤቶቹ ላይ አስደግፎ የሚተካው፣ ዋጋው በዩኒት፣ ማለትም በጥርስ ቁጥር ነው፦ አንድ የጎደለ ጥርስ ሲተካ ሁለቱ ጎረቤቶች ስለሚለብሱ ሦስት ይቆጠራል። ጎረቤቶቹ ቀድሞ የተሞሉ ወይም የተሰበሩ ከሆኑ ጥሩ ምርጫ ነው። ያልተነኩ ከሆኑ አቅም ካለ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ይሻላል። የተሸካሚዎቹ ሥር ጥቅል ስፋት ከጎደሉት ጥርሶች ሥር ስፋት ባያንስ ይመረጣል፤ ሁለት ደካማ ጥርስ ላይ አምስትና ስድስት ዩኒት የሚያንጠለጥል ዕቅድ ካዩ ሌላ ሐኪም ያማክሩ። ጥርስ ከተነቀለ በኋላም ድዱና አጥንቱ እስኪረጋ ከ2 እስከ 3 ወር በጊዜያዊ ጥርስ መቆየት ያስፈልጋል። ተቻኩሎ የታሰረ ብሪጅ ሥሩ ድዱ ሲወርድ ክፍተት ይፈጠራል።

ከመታሰሩ በፊት በባለቀለም ወረቀት ንክሻው ይፈተሽ፣ የጥርስ ክር በጎኖቹ ጠበቅ ብሎ ይለፍ። ከፍ ያለ ክራውን «ይለመዳል» ከተባለ አይቀበሉ። የተረፈ ሲሚንቶ ሳይጠረግ ከቀረ ድዱ ሲደማ ይኖራል። በብሪጅ ሥር በየቀኑ ጫፉ ጠንካራ የሆነ ክር ወይም ቀጭን ብሩሽ መግባት አለበት፤ መፋቂያ እዚያ አይደርስም።

ብሪጅ በአንድ በኩል ሲለቅ ሁልጊዜ አያምም። በጣት ሲጫኑት ጠርዙ ላይ የምራቅ አረፋ ብቅ ካለ ወይም መጥፎ ጣዕም ከመጣ፣ ሲሚንቶው ለቋል፤ በዚያው ሳምንት ይታዩ፣ ሲዘገይ ተሸካሚው ጥርስ አብሮ ይሄዳል።