አሁን መስጠት ወይስ በኑዛዜ ማውረስ? የእንግሊዝ የውርስ ግብር

መጀመሪያ ስሌቱን እንየው። ከሟች ንብረት ላይ ዕዳና የቀብር ወጪ ይቀነሳል። ከቀረው 325,000 ፓውንድ ነፃ ነው፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 40 በመቶ ይከፈላል። 500,000 ፓውንድ ቁጠባ ለልጆች ቢቀር፣ ግብሩ በ175,000ው ላይ ይሰላና 70,000 ይሆናል።

ግብሩ
ስጦታ፦ ሰጪው ከሰጠ በኋላ 7 ዓመት ከኖረ ከስሌቱ ይወጣል። በዓመት 3,000 ፓውንድ ደግሞ ምንም ሳይጠበቅ ነፃ ነው።
ኑዛዜ፦ ሁሉም ይቆጠራል። ግን መኖሪያ ቤት ለልጅ ወይም ለልጅ ልጅ ሲወርድ እስከ 175,000 ተጨማሪ ነፃ አለ።

አደጋው
ስጦታ፦ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ቤቱን በልጅ ስም አዙሮ ያለ ኪራይ እዚያው መኖር ከቀጠሉ፣ 20 ዓመት ቢያልፍም ቤቱ እንደ ሟች ንብረት ይቆጠራል። ሰጪው 7 ዓመት ሳይሞላ ከሞተ ደግሞ ነፃውን 325,000 መጀመሪያ የሚበላው ስጦታው ነው። ከ3 ዓመት በኋላ ግብሩ ይቀንሳል የሚባለውም ስጦታው ከዚያ ጣሪያ ሲያልፍ ብቻ ነው።
ኑዛዜ፦ ሐሳብ ቢቀየር ይቀየራል፤ የተሰጠ ቤት ግን አይመለስም።

ሌላ ወጪ
የሚከራይ ሁለተኛ ቤት ሲሰጥ፣ ዋጋው ከተገዛበት ጊዜ ጀምሮ በጨመረው ላይ ሌላ ግብር ሊመጣ ይችላል። በውርስ ሲያልፍ ግን ያ ጭማሪ አይታሰብም።

ጤነኛ ሆኖ ከሚያስፈልገው በላይ ገንዘብ ያለው ሰው ቢሰጥ ያዋጣዋል። ያለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ኑዛዜው ይሻለዋል ባይ ነኝ።