ለቢሮ የሚገዛ ስዊች፦ ተራው፣ «ሉፕ መከላከያ» ያለው ወይስ ስፓኒንግ ትሪ ያለው?

«ርካሹ ስዊች ምን ይጎድለዋል?» የሚለው የወዳጆቼ ጥያቄ ስለ በዛ ያየሁትን እጽፋለሁ። ስዊች የቢሮ ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ ሳጥን ነው፤ ሉፕ ኬብል ተመልሶ ወደዚያው ኔትወርክ ሲሰካ የሚፈጠር ቀለበት ነው፤ ስፓኒንግ ትሪ ደግሞ ስዊቾች ተነጋግረው ትርፉን መንገድ የሚዘጉበት፣ ሲያስፈልግም የሚከፍቱበት ዘዴ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ቢሮ አራት ተራ ስዊቾች ገዛሁ፤ ምክንያቴም ስፓኒንግ ትሪ ያለው ዋጋው ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ ወድቆ ያገኘውን ኬብል ሁለቱንም ጫፍ የግድግዳ ሶኬት ላይ ሰካው። የኢተርኔት ፍሬም (በኬብሉ የሚሄደው የመረጃ ጥቅል) እንደ አይፒ ፓኬት ዕድሜው የሚቆጠርበት መስክ ስለሌለው፣ የብሮድካስት (ለሁሉም የሚላከው) መልእክት በቀለበቱ ውስጥ እየዞረና እየተባዛ ኔትወርኩን ዘጋው። ኬብሉን ለማግኘት ሙሉ ቀን ፈጀብን፤ የባለሙያው ክፍያና የባከነው ቀን ሲደመሩ ከቆጠብሁት ገንዘብ በለጡ።

እንደ ቲፒ-ሊንክ ቲኤል-ኤስጂ108ኢ ያሉት ከተራው ብዙም አይወደዱም፤ ሉፕም ይከላከላሉ። ስፓኒንግ ትሪ ግን የላቸውም፤ ስለዚህ በሁለት ፎቆች መካከል ሁለት ኬብል ዘርግታችሁ አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዲተካው ብትፈልጉ አይረዷችሁም። ለአንድ ክፍል ቢሮ ይበቃሉ።

እኔ የምመርጠው አርኤስቲፒ (ፈጣኑ የስፓኒንግ ትሪ ዓይነት) ያለውን አዲስ ማኔጅድ (ቅንብሩ የሚስተካከል) ስዊች ነው፤ ቲኤል-ኤስጂ2008 አንዱ ነው። የድሮው ስፓኒንግ ትሪ መንገድ ለመቀየር ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በ2001 የወጣው አርኤስቲፒ ግን አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጨርሳል። ወጪው ለከበዳችሁ፣ ሁሉንም መቀየር አያስፈልግም፤ መሐል ላይ ያለውን ብቻ ቀይራችሁ ፕራዮሪቲውን (መሪው የሚመረጥበትን ቁጥር፤ ዝቅተኛው ያሸንፋል) ከ32768 ወደ 4096 ዝቅ አድርጉት፤ አለዚያ ሌላ ማኔጅድ ስዊች ካላችሁ ዝቅተኛ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ያለው፣ ብዙ ጊዜም አሮጌው፣ ሥር (መንገዶቹ የሚሰሉበት መሪ ስዊች) ሆኖ ይመረጣል። አንዳንድ ተራ ስዊቾች የስፓኒንግ ትሪን መልእክት ውጠው ስለሚያስቀሩ፣ ወደ እነርሱ በሚሄዱት ፖርቶች ላይ የሉፕ መከላከያውንም አብሩ።

ያገለገለ ሲስኮ ካታሊስት 2960 ባለ 24 ፖርት ሆኖ ዋጋው ከትንሹ አዲስ ጋር ሲቀራረብ ያጓጓል። የእኔው የኃይል ክፍሉ ተቃጥሎ መለዋወጫው የስዊቹን ግማሽ ዋጋ አስከፈለኝ። ሐሰተኛም አለ፤ በ2020 የፊንላንዱ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ኤፍ-ሴኪዩር የመረመራቸው ሁለት ሐሰተኛ 2960-ኤክስ ስዊቾች የተደረሰባቸው ሶፍትዌራቸው ሲታደስ ሥራ በማቆማቸው ነበር። ስለዚህ ኮንሶል ኬብል (ላፕቶፕን ከስዊቹ ጋር አገናኝቶ ትዕዛዝ ለመስጠት የሚያገለግል) ይዛችሁ ሂዱ፤ በሾው ቨርዥን ትዕዛዝ የሚታየውን ሲሪያል ቁጥር ከጀርባው ከተለጠፈው ጋር አመሳክሩ፤ ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ምንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።