መኪናዬን ይዤ ልምጣ ወይስ አዳማ ልግዛ?
ከውጭ አገር ጠቅልላችሁ ወደ አዳማ የምትመለሱ፣ መኪናችሁ የቤንዚን ወይም የናፍጣ ከሆነ ንጽጽሩ ሳይጀመር አለቀ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን ያስኬዳል። በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ሞጆ ደግሞ ለአዳማ ጎረቤት ናት። ሰሌዳ የሚገኘው ግን ቀረጥ ተከፍሎ፣ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ወጥቶ፣ የቴክኒክ ምርመራ ታልፎ ነው። የሻንሲ ቁጥሩ (መኪናው ላይ የተቀረጸው መለያ) ከሰነዱ ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ ጣጣው ብዙ ነው።

እዚሁ ሰሌዳ ያለውን መግዛትስ? ዋጋው አይቀመስም፤ ያረጀች ቪትዝ እንኳ ታስደነግጣለች! ሆኖም ውል ተዋውሎ፣ ስም አዛውሮ መንዳት ነው። የባንክ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታጣሩ ቀብድ እንዳትሰጡ። እኔ ብሆን፣ መኪናዬ አዲስ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር፣ እዚያው ሸጬ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ።